አስምን በመረዳትና በመቆጣጠር ጤናማ ሕይወት መምራት ይቻላል

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የክረምቱ ዝናብ አብቅቶ በጋው ሲገባ ሣሩና የቆላ ቀርከሃው ይደርቃል። ለእርሻ ማሳ ዝግጅት፣ ለአደንና ለግጦሽ ተብሎ የሚለኮሰው እሳት ጭስ በየአቅጣጫው ይታያል። ወደ ወረዳዎችና ቀበሌዎች በሚወስዱ የጠጠርና የአፈር መንገዶች ላይም ተሽከርካሪ ባለፈ ቁጥር አቧራ ይነሳል። ለአብዛኛው ነዋሪ ይህ በየዓመቱ የሚመጣና የሚያልፍ የወቅት ለውጥ ነው። የአስም ሕመም ላለበት ሰው ግን ትንፋሽ የሚያጥርበት፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣበትና አንዳንዴም ሕይወቱ ለአደጋ የሚጋለጥበት ጊዜ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 262 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የአስም ሕመም ነበረባቸው። በዚያው ዓመት 455 ሺህ የሚሆኑ ሰዎች በዚሁ ሕመም ምክንያት ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከአስም ጋር በተያያዘ ከሚደርሰው ሞት አብዛኛው የሚመዘገበው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች መሆኑን ድርጅቱ ይገልጻል። ለዚህም በዋና ምክንያትነት የሚጠቀሱት ሕመሙ በወቅቱ ተለይቶ አለመታወቁና ተገቢው መድኃኒት ለሕሙማኑ አለመድረሱ ናቸው። በሌላ አነጋገር አብዛኛው ሞት መከላከል የሚቻል ነው።

ይህ እውነታ እንደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ባለ ሰፊ ክልል ልዩ ትርጉም አለው። የክልሉ ነዋሪዎች በአሶሳ፣ በመተከልና በካማሺ ዞኖች እንዲሁም በማኦ ኮሞ አካባቢ ተበታትነው የሚኖሩ ሲሆን፣ መተከል ከዓባይ ወንዝ በስተሰሜን የሚገኝ በመሆኑ ከክልሉ ርዕሰ ከተማ ከአሶሳ በእጅጉ የራቀ ነው። በእኩለ ሌሊት ትንፋሽ ያጠረው ሰው ወደ ሆስፒታል ለመድረስ ረጅም ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል። በመሆኑም አስምን አስቀድሞ ማወቅና መቆጣጠር በእንዲህ ዓይነት አካባቢ ሕይወትን ከማትረፍ ተለይቶ የሚታይ ጉዳይ አይደለም።

የሕመሙ ምንነት

አስም አየር ወደ ሳንባ የሚያስገቡና የሚያስወጡ ቧንቧዎች ለረጅም ጊዜ በመቆጣታቸው ምክንያት የሚከሰት ሥር የሰደደ ሕመም ነው። የቧንቧዎቹ የውስጥ ግድግዳ ሕመምተኛው ደህና ነኝ ብሎ በሚያስብበት ጊዜም ጭምር በመጠኑ የተቆጣ በመሆኑ፣ ጤነኛ ሰው ልብ የማይለው ጭስ፣ አቧራ፣ ሽታ ወይም ቅዝቃዜ ያስቆጣዋል።

ቀስቃሽ ነገር ሲያጋጥም ሦስት ሁኔታዎች ተከታትለው ይፈጠራሉ። በቧንቧዎቹ ዙሪያ የሚገኙት ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፤ የውስጠኛው ግድግዳ ይበልጥ ያብጣል፤ ወፍራምና ዝልግልግ አክታም እየተመረተ የአየር መተላለፊያውን ያጠብባል። የገባው አየር በቀላሉ ሊወጣ ባለመቻሉ ሕመምተኛው ሲተነፍስ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ደረቱም የታፈነ ይመስለዋል።

አስም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአንድ ቢሮ መሥራት፣ በአንድ ማዕድ መብላት ወይም በአንድ ቤት መኖር ለሕመሙ አያጋልጥም። በቤተሰብ ውስጥ የአስም፣ የአፍንጫ አለርጂ ወይም የቆዳ አለርጂ ታሪክ ካለ ግን በልጆች ላይ የመከሰቱ ዕድል ከፍ ይላል። ሕመሙ በአብዛኛው በልጅነት የሚጀምር ቢሆንም በማንኛውም ዕድሜ ሊከሰት ይችላል።

ምልክቶችና ምርመራ

የአስም ዋና ዋና ምልክቶች አራት ናቸው። እነርሱም ሲር ሲር የሚል አተነፋፈስ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት መታፈንና ሳል ናቸው። ምልክቶቹ የሚመጡና የሚሄዱ መሆናቸው፣ በሌሊትና ሊነጋጋ ሲል መባባሳቸው እንዲሁም ከጭስ፣ ከጉንፋን፣ ከሩጫ ወይም ከቅዝቃዜ ጋር ተያይዘው መነሳታቸው አስምን ከሌሎች ሕመሞች ለመለየት ይረዳል። በአንዳንድ ሕፃናት ላይ ሌሊት ሌሊት የሚመላለስ ደረቅ ሳል ብቻውን ሊታይ ይችላል።

ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ሁሉ ግን አስም አለበት ማለት አይደለም። የልብ ድካም፣ የሳንባ ምች፣ የደም ማነስና የሳንባ ነቀርሳ ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳዩ ይችላሉ። በተለይ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር ይኖርበታል። «የቆየ አስም ነው» በሚል ግምት ነቀርሳን መደበቅ፣ በአንጻሩም አስም ያለበትን ሰው በተደጋጋሚ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ማመላለስ ሁለቱም ጉዳት አላቸው።

ምርመራው የሚጀምረው የሕመሙን ታሪክ በጥሞና በማዳመጥ ነው። መሣሪያው ባለበት ተቋም ስፓይሮሜትሪ በተባለ ምርመራ ሕመምተኛው በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚያስወጣው የአየር መጠን ይለካል። የአየር ቧንቧን የሚከፍት መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ ይህ መጠን በአዋቂ ሰው ላይ ቢያንስ በ12 በመቶና በ200 ሚሊ ሊትር ከጨመረ አስም ስለመኖሩ ጠንካራ ማስረጃ ይሆናል። ስፓይሮሜትሪ በሌለበት ቦታ ፒክ ፍሎው ሜትር የተሰኘው ቀላልና በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ሊያገለግል ይችላል። ኤሌክትሪክ የማይፈልግ በመሆኑ ለጤና ጣቢያዎችም ተስማሚ ነው።

ከጅማ የተገኘው ግንዛቤ

አስም በኢትዮጵያ በጥናት ከተዳሰሰባቸው አካባቢዎች መካከል ጅማ በቀዳሚነት ይጠቀሳል። በጅማ ከተማና በአካባቢው ገጠር ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው ነዋሪ ላይ በብዛት እንደሚታይ አመልክቷል። ከዚያ በኋላ በዚያው አካባቢ የተካሄዱ ጥናቶች በአቧራ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳትን፣ የአንጀት ጥገኛ ትሎችን እንዲሁም የመኖሪያ ቤት ለተሽከርካሪ መንገድ ያለውን ቅርበት ከሕመሙ ጋር በማገናዘብ መርምረዋል።

የእነዚህ ጥናቶች ፍሬ ነገር አስም ከአኗኗር ለውጥ ጋር የተሳሰረ መሆኑ ነው። ከተሞች ሲሰፉ፣ ተሽከርካሪ ሲበዛና ሰው አብዛኛውን ጊዜውን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማሳለፍ ሲጀምር የአስም ሕሙማን ቁጥርም ሊጨምር ይችላል። እንደ አሶሳ ያሉ በፍጥነት በማደግ ላይ የሚገኙ ከተሞች የመንገድ፣ የመኖሪያ አካባቢና የቆሻሻ አወጋገድ ዕቅዳቸውን ሲያዘጋጁ ይህን ከግምት ማስገባት ይጠቅማቸዋል።

ቀስቃሽ ምክንያቶች በክልሉ

የአስም ቀስቃሽ ምክንያቶች ከሰው ሰው ይለያያሉ። አንዱን የሚያስነሳው ዕጣን ሌላውን ላይነካው ይችላል። ስለዚህም እያንዳንዱ ሕመምተኛ የራሱን ቀስቃሾች ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። ቢሆንም በክልሉ የኑሮ ሁኔታ ውስጥ ጎልተው የሚታዩ አሉ።

የመጀመሪያው የማገዶ ጭስ ነው። በአገሪቱ ከ10 አባወራዎች ከ9 በላይ የሚሆኑት ምግብ የሚያበስሉት በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ወይም በእርሻ ተረፈ ምርት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ አሳይቷል። መስኮት በሌለው ጎጆ ውስጥ በሦስት ጉልቻ የሚነድ እሳት ከማንም ይልቅ እናቶችን፣ በጀርባቸው ያዘሏቸውን ሕፃናትና በማብሰል የሚያግዙ ልጃገረዶችን ይጎዳል። ማብሰያውን ከመኝታው መለየት፣ ጭስ መውጫ ማበጀት፣ ደረቅ እንጨት መጠቀምና እንደ «ምርጥ» እና «ላቀች» ያሉ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎችን መተካት ጭሱን ይቀንሳሉ። በአንጻሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ ከአስም በተጨማሪ ለመታፈን አደጋ የሚዳርግ በመሆኑ ፈጽሞ ሊወገድ ይገባል።

ሁለተኛው የሰደድ እሳት ጭስ ነው። በበጋው ወራት የሚነሳው እሳት በክልሉ ሰፊ ሽፋን ያለውን የቆላ ቀርከሃ ደን ከማውደሙም በላይ በነፋስ ወደ ከተሞችና ወደ ትምህርት ቤቶች የሚደርስ ጭስ ይፈጥራል። ጭሱ በሚበረታባቸው ቀናት የአስም ሕሙማን ከቤት ውጭ ከባድ ሥራ ባይሠሩ፣ መስኮታቸውን ቢዘጉና ፈጣን ማስታገሻቸውን ከእጃቸው ባይለዩ ይመከራል።

ሦስተኛው ከሥራ ጋር የተያያዘ አቧራ ነው። በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያወጡ፣ እብነ በረድና ድንጋይ የሚፈልጡ፣ በእህል መጋዘንና በወፍጮ ቤት የሚሠሩ ወገኖች በየዕለቱ ለአቧራ ይጋለጣሉ። በዚህ ረገድ ከስፔኗ ባርሴሎና ከተማ የተገኘው ተሞክሮ ሊጤን የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1987 ባሉት ዓመታት በከተማዋ በተወሰኑ ቀናት ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ በከባድ አስም ተይዘው ወደ ሆስፒታሎች ይጎርፉ ነበር። ተመራማሪዎች ጉዳዩን ሲያጣሩ ምክንያቱ በወደብ ላይ ከመርከብ ሲራገፍ የነበረ የአኩሪ አተር ብናኝ መሆኑን ደረሱበት። በማከማቻው ላይ የብናኝ ማጣሪያ ከተገጠመ በኋላ ችግሩ ተወገደ። አኩሪ አተር በመተከልና በአሶሳ ዞኖች ከሚመረቱ ዋና ዋና የገበያ ሰብሎች አንዱ በመሆኑ፣ በማበጠሪያና በማከማቻ ስፍራዎች ላይ ለሠራተኞች መከላከያ ማቅረብና ብናኙን መቆጣጠር ተገቢ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረትም የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ ነው።

አራተኛው ትምባሆ ነው። ሲጋራም ሆነ ጋያ በመባል የሚታወቀው ባህላዊ ማጨሻ የአጫሹንም ሆነ በአቅራቢያው ያለውን ሰው የአየር ቧንቧ ያስቆጣሉ። የሚያጨስ የአስም ሕመምተኛ የሚወስደው መድኃኒትም የሚጠበቅበትን ያህል አይሠራለትም።

ከእነዚህ ሌላ ጉንፋንና መሰል የቫይረስ ሕመሞች፣ የክረምት ማለዳ ቅዝቃዜ፣ ሻጋታ፣ በረሮ፣ የፍራሽና የምንጣፍ አቧራ፣ የአበባ ብናኝ፣ የዕጣን ጭስ፣ ጠንካራ ሽቶና የፀረ ተባይ ርጭት ሕመሙን ሊያስነሱ ይችላሉ። አንዳንድ መድኃኒቶችም እንዲሁ ናቸው። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክን የመሳሰሉ የሕመም ማስታገሻዎች በአንዳንድ የአስም ሕሙማን ላይ ከባድ ጥቃት ያስከትላሉ። ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም የሚታዘዙ እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉ መድኃኒቶችም የአየር ቧንቧን ያጠባሉ። በመሆኑም ሕመምተኛው ለማንኛውም ሕክምና ሲሄድ አስም እንዳለበት አስቀድሞ መናገር ይኖርበታል።

ሁለቱ የመድኃኒት ዓይነቶች

አስምን ፈጽሞ የሚያጠፋ መድኃኒት እስካሁን የለም። ሕመሙን ተቆጣጥሮ መሥራት፣ መማር፣ መሮጥና መውለድ ግን ይቻላል። ለዚህም የመድኃኒቶቹን ዓይነትና ዓላማ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ዓይነት ፈጣን ማስታገሻ ነው። በብዛት የሚታወቀው በአፍ የሚሳበውና በተለምዶ «ፓፍ» የሚባለው ሳልቡታሞል ነው። የተኮማተሩትን ጡንቻዎች በደቂቃዎች ውስጥ በማላላት እፎይታ ይሰጣል። ዋናውን ችግር ማለትም የቧንቧውን መቆጣት ግን አያክምም።

ሁለተኛው ዓይነት ተቆጣጣሪ መድኃኒት ነው። ከእነዚህ መካከል በአፍ የሚሳቡት ቤክሎሜታሶንና ቡዴሶናይድ ይገኙበታል። እነዚህ መድኃኒቶች በአነስተኛ መጠን በቀጥታ ወደ ሳንባ የሚደርሱ ስቴሮይዶች ሲሆኑ፣ ቁጣውን ቀስ በቀስ በማብረድ ጥቃት እንዳይነሳ ይከላከላሉ። ወዲያው እፎይታ ስለማይሰጡ ብዙ ሕሙማን «አልሠራልኝም» በማለት ያቋርጧቸዋል። ይህ በአስም ሕክምና ውስጥ ከሚፈጸሙ ስህተቶች ሁሉ ዋነኛው ነው።

ለአስም ሕክምና ዓለም አቀፍ መመሪያ የሚያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ጂና በመባል የሚታወቀው ተቋም በ2019 መሠረታዊ የአቋም ለውጥ አድርጓል። በለውጡ መሠረት ማንኛውም አዋቂ ወይም በአፍላ ዕድሜ ላይ የሚገኝ የአስም ሕመምተኛ በሳልቡታሞል ብቻ መታከም የለበትም፤ ሕመሙ ቀላል ቢሆንም እንኳ ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት ሊታከልለት ይገባል። በዓመት ውስጥ ሦስትና ከዚያ በላይ ባለ 200 መጠን የሳልቡታሞል ጣሳ የሚጨርስ ሰው ለከባድ ጥቃት የመጋለጥ ዕድሉ ይጨምራል። በየወሩ አንድ የሚጨርስ ከሆነ ደግሞ ለሞት የመጋለጥ ሥጋቱ በእጅጉ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ማስታገሻ ቶሎ ቶሎ ማለቁ ሕክምናው እንደገና ሊታይ የሚገባው መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው።

መድኃኒቱን በትክክል መሳብም የሕክምናው አካል ነው። ጣሳውን በሚገባ መነቅነቅ፣ አየርን ወደ ውጭ ማስወጣት፣ አፍን በመሣሪያው ላይ ግጥም አድርጎ መዝጋት፣ በዝግታና በጥልቀት ወደ ውስጥ መሳብ ሲጀመር ጣሳውን መጫን፣ ከዚያም ትንፋሽን እስከ 10 ሰከንድ መያዝ ያስፈልጋል። ሁለተኛ መውሰድ ካስፈለገ ለግማሽ ደቂቃ ያህል መቆየት ይገባል። ስቴሮይድ ያለበትን መድኃኒት ከሳቡ በኋላ አፍን በውኃ ተጉመጥምጦ መትፋት በአፍ ውስጥ የሚከሰትን ቁስለት ይከላከላል።

ለሕፃናትና መሳቡንና መጫኑን ማቀናጀት ለሚቸገሩ ሰዎች ስፔሰር የተባለ የአየር መያዣ መጠቀም ይመከራል። ስፔሰር በማይገኝበት ቦታ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ የውኃ ጠርሙስ በታችኛው ክፍሉ ለመሣሪያው አፍ በሚሆን ልክ ተቀዶ ሊያገለግል ይችላል። በደቡብ አፍሪካ በአስም ጥቃት የተያዙ ሕፃናትን በመመርመር እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ የሆነ ጥናት በዚህ መንገድ የተዘጋጀ ጠርሙስ በፋብሪካ ከሚመረተው ስፔሰር የማይተናነስ ውጤት እንዳለው አረጋግጧል። ይህ ዘዴ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ያለ ተጨማሪ በጀት ሊሠራበት የሚችል ነው።

ሊታረሙ የሚገባቸው አመለካከቶች

በኅብረተሰቡ ዘንድ ከሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች አንዱ «ፓፍ ሱስ ያስይዛል» የሚለው ነው። በአፍ የሚሳቡ የአስም መድኃኒቶች ሱስ አያስይዙም። ሕመምተኛው በየጊዜው የሚፈልጋቸው ሕመሙ ሥር የሰደደ በመሆኑ ነው። በዚህ ፍርሃት ምክንያት መርፌና እንክብል የሚመርጡ ሰዎች በመላ አካል የሚሠራጭና ብዙ የጎንዮሽ ጉዳት ያለው መድኃኒት ለመውሰድ ይገደዳሉ።

ሌላው «ምልክቱ ጠፍቷልና ድኛለሁ» የሚለው ነው። ተቆጣጣሪ መድኃኒት በባለሙያ ምክር ካልሆነ በስተቀር በራስ ውሳኔ አይቋረጥም። ነፍሰ ጡር ሴትም መድኃኒቷን ማቆም የለባትም፤ ቁጥጥር ያጣ አስም ከመድኃኒቱ ይልቅ ለእናቲቱም ሆነ ለፅንሱ አደገኛ ነውና። የአስም ሕመምተኛ ልጅን ከጨዋታና ከስፖርት ፈጽሞ ማግለልም አግባብ አይደለም። አንድ ልጅ ሲሮጥ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ሊታይ የሚገባው ሕክምናው ነው።

ሕመምተኛው አስሙ በቁጥጥር ሥር ስለመሆኑ ባለፉት አራት ሳምንታት ላይ ተመሥርቶ አራት ጥያቄዎችን ራሱን ሊጠይቅ ይችላል። በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ የቀን ምልክት ታይቶብኛልን? በአስም ምክንያት ሌሊት ነቅቻለሁን? በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ማስታገሻ ተጠቅሜያለሁን? ከሥራዬ ወይም ከእንቅስቃሴዬ የተገታሁበት ጊዜ ነበርን? ለአራቱም «የለም» የሚል ከሆነ አስሙ በቁጥጥር ሥር ነው። ለአንዱ ወይም ለሁለቱ «አዎን» ካለ ቁጥጥሩ ከፊል ነው። ለሦስቱ ወይም ለአራቱ «አዎን» ካለ አስሙ ከቁጥጥር ውጭ በመሆኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።

ጥቃት ሲነሳ ምን መደረግ አለበት?

በቢሮ፣ በትምህርት ቤት ወይም በመስክ ጉዞ ላይ አንድ ሰው በአስም ጥቃት ቢያዝ በአቅራቢያው ያሉ ሰዎች ሳይደናገጡ ሊረዱት ይችላሉ። በቅድሚያ ከጭሱ ወይም ከአቧራው ማራቅ፣ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ ማድረግና በዙሪያው የተሰበሰበውን ሰው ገለል ማድረግ ይገባል። በጀርባ ማስተኛት አተነፋፈሱን ያባብሰዋል። ቀጥሎም ሳልቡታሞል በስፔሰር ወይም በተዘጋጀ ጠርሙስ አማካኝነት አንድ በአንድ፣ ከአራት እስከ አሥር ጊዜ እንዲስብ ማገዝ ያስፈልጋል። ካልተሻለው በየ20 ደቂቃው መድገም ይቻላል፤ ይህ ሲደረግ ግን ወደ ጤና ተቋም የሚደረገው ጉዞ መዘግየት የለበትም።

የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ጊዜ ሳይጠፋ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት፦ አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ሲያቅተው፣ ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ ሲጠቁር፣ ሲደክምና ሲፈዝ፣ ማስታገሻው እፎይታ ሳይሰጠው ሲቀር እንዲሁም በሕፃናት ላይ የጎድን አጥንት መሐል ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ። ሲር ሲር የሚለው ድምፅ በድንገት ጠፍቶ ሕመምተኛው ግን እየደከመ ከሄደ መሻሻል ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ይልቁንም አየር ወደ ሳንባው መግባት ማቆሙን የሚያመለክት አደገኛ ምልክት ነው። በጤና ተቋሙ ኦክስጅን፣ በኔቡላይዘር ወይም በስፔሰር የሚሰጥ ሳልቡታሞልና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ በአፋጣኝ ሊሰጠው ይገባል።

በመሥሪያ ቤቶች ሊደረጉ የሚችሉ እርምጃዎች

የመንግሥት ሠራተኛው አብዛኛውን የቀን ሰዓቱን የሚያሳልፈው በመሥሪያ ቤቱ ነው። በአቧራ የተሸፈኑ ፋይሎች የተከማቹበት መዝገብ ቤት፣ ለረጅም ጊዜ ያልታጠበ መጋረጃና ምንጣፍ፣ ጣሪያው የሚያፈስና የሻገተ ክፍል፣ በረሮ የሚርመሰመስበት መጋዘን ለአስም ሕመምተኛ ምቹ አይደሉም። ወለልን ከመጥረግ በፊት ውኃ መርጨት ወይም በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፣ ጽዳቱን ሠራተኛው ከመግባቱ በፊት ማከናወንና መስኮቶችን መክፈት ወጪ የማይጠይቁ እርምጃዎች ናቸው። በበዓላትና በስብሰባዎች ወቅት በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ ዕጣን ማጤስንም መተው ይቻላል።

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሥራ ቦታዎችና ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶች ውስጥ ትምባሆ ማጨስን ይከለክላል። ክልከላው ከበርና ከመስኮት እስከ 10 ሜትር ርቀት ድረስ ይዘልቃል። አዋጁን በየቢሮው በር ላይ ከመለጠፍ አልፎ ተግባራዊ ማድረግ የኃላፊዎች ድርሻ ነው።

ኃላፊዎች በሠራተኛ ምደባ ረገድም አስተዋይነት ይጠበቅባቸዋል። አስም ያለበትን ሠራተኛ በመዝገብ ቤት ወይም በእህል መጋዘን መመደብ፣ ወይም በበጋ አቧራማ በሆነ መንገድ በሞተር ብስክሌት ለመስክ ማሰማራት ሠራተኛውንም ሥራውንም ይጎዳል። ሠራተኛው በበኩሉ ሕመሙን ሳይደብቅ ለቅርብ ኃላፊው ማሳወቁና ማስታገሻውን የሚያስቀምጥበትን ቦታ ለባልደረቦቹ መንገሩ ሕይወቱን ሊያተርፍለት ይችላል።

ከአመራሩ የሚጠበቅ ተግባር

አስምን በመንግሥት ደረጃ በተቀናጀ ዕቅድ መቆጣጠር እንደሚቻል ካስመሰከሩ አገሮች አንዷ ፊንላንድ ናት። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2004 ባካሄደችው የአሥር ዓመት ፕሮግራም ቀድሞ መመርመርን፣ ቁጣን በሚያበርድ መድኃኒት ቶሎ መጀመርን፣ በመጀመሪያ ደረጃ ጤና ተቋማት የሚሠሩ ሐኪሞችን፣ ነርሶችንና የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎችን ማሠልጠንን መሠረት አድርጋለች። በውጤቱም በአስም ምክንያት በሆስፒታል ተኝቶ የመታከም ቀናት ከግማሽ በላይ ቀንሰዋል። የፊንላንድ ሀብት ከእኛ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ የተከተለችው መንገድ ግን በአመዛኙ በሥልጠናና በአሠራር ላይ የተመሠረተ ነው።

በኢትዮጵያም በሳንባ ሕክምና ዘርፍ ልዩ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተጀምሯል። ይሁንና የአስም ሕክምና በአብዛኛው የሚሰጠው በጤና ጣቢያና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በመሆኑ ወሳኙ ጉዳይ በእነዚህ ተቋማት ያለው ዝግጁነት ነው።

በክልሉ ደረጃ ሦስት ነጥቦች ትኩረት ይሻሉ። አንደኛው የመድኃኒት አቅርቦት ነው። ሳልቡታሞልን ብቻ አቅርቦ ቤክሎሜታሶንን ወይም ቡዴሶናይድን አለማቅረብ እሳትን እያጠፉ ማገዶውን እንደመተው ይቆጠራል። ጤና ተቋማት የመድኃኒት ፍላጎታቸውን ሲያቅዱ ሁለቱንም ዓይነት ማካተትና የበጋውን ጭስና የክረምቱን ጉንፋን ከግምት ማስገባት ይኖርባቸዋል። ክረምት ሲገባ መንገድ የሚቋረጥባቸው ወረዳዎች ክምችታቸውን አስቀድመው ሊያሟሉ ይገባል።

ሁለተኛው ዕውቀት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት በሚሰጡት ትምህርት ስለ ጭስ መውጫ፣ ስለ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃና ስለ መድኃኒት አጠቃቀም ቢያስተምሩ፣ ትምህርቱም ከአማርኛ በተጨማሪ በበርታ፣ በጉሙዝ፣ በሺናሻ፣ በማኦና በኮሞ ቋንቋዎች ቢተላለፍ ወደ እያንዳንዱ ጎጆ ሊደርስ ይችላል። የግብርናና የደን ተቋማትም በሰደድ እሳት ቁጥጥር ላይ ከጤናው ዘርፍ ጋር ተቀናጅተው ቢሠሩ የቀርከሃው ደንም የሕዝቡም ሳንባ ይጠበቃል።

ሦስተኛው የሕክምና ቀጣይነት ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በመተከልና በካማሺ ዞኖች በተከሰቱ ግጭቶች ምክንያት በርካታ ነዋሪዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። በእንዲህ ያለው ጊዜ ለቁስልና ለወረርሽኝ ቅድሚያ መሰጠቱ የማይቀር ቢሆንም፣ በየዕለቱ መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው የአስም፣ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን እንዳይዘነጉ በድንገተኛ የእርዳታ ዕቅድ ውስጥ ስማቸውና መድኃኒታቸው መያዝ አለበት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባልነትም ሕመምተኛው ገንዘብ ባጣ ቁጥር መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ይረዳዋል።

የዓለም የአስም ቀን እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በየዓመቱ በግንቦት የአውሮፓውያን ወር የመጀመሪያ ማክሰኞ ይታሰባል። ቀኑ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የበጋው ጭስ አልፎ ዝናቡ ሊጀምር በሚቃረብበት ወቅት ላይ ይውላል። ጤና ተቋማትና መሥሪያ ቤቶች በዚህ ወቅት የመድኃኒት ክምችታቸውን ቢፈትሹ፣ ሕሙማንም የመድኃኒት አሳሳባቸውን በባለሙያ ፊት ቢያሳዩ ለመጪው ክረምትና በጋ ዝግጁ ሆነው ይቆያሉ። አስም አብሮ የሚኖር ሕመም ቢሆንም ቀስቃሾቹን ያወቀ፣ ተቆጣጣሪ መድኃኒቱን ያላቋረጠና ማስታገሻውን ከእጁ ያልለየ ሰው እንደማንኛውም ጤነኛ ዜጋ ሥራውን እየሠራ መኖር ይችላል።